የፖርፊሪ መዳብ የድንጋይ ናሙና ሳጥን ለጎጃም የሥነ ምድር ክፍሎች ምን ያህል ይበጃል?

በጎጃም ሥነ ምድርን የሚያጠና ወጣት ባዛልትን፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋውን ጥቁር አለት፣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ደጀን ቢጓዝ አብዛኛውን መንገድ የሚረግጠው ባዛልትንና ከባዛልት የተገኘውን አፈር ነው፤ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ የኖራ ድንጋዩ፣ ጂፕሰሙና የአሸዋ ድንጋዩ በየተራ ይገለጡለታል። ከዓለም መዳብ አብዛኛውን እጅ የሚያስገኘው የፖርፊሪ መዳብ ክምችት ግን በዚህ የአለት ድርድር ውስጥ የለም። ተማሪው ስለ እርሱ የሚያውቀው መምህሩ በሰሌዳ ላይ ከሚስለው ሥዕልና በስክሪን ከሚያየው ፎቶ ብቻ ስለሆነ፣ ተመርቆ ወደ ማዕድን ፍለጋ ሥራ ሲገባ ድንጋዩን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የሚይዘው በቁፋሮ ሥፍራ ነው። በባሕር ዳር ሥነ ምድርን የማስተምር እንደመሆኔ ይህ ጉድለት ሲያሳስበኝ ኖሯል። በአዲስ አበባ ከሚገኝ አቅራቢ የተገዛልንን የፖርፊሪ መዳብ የናሙና ሳጥን ከተማሪዎቼ ጋር በሚገባ ስለ ተጠቀምንበት፣ ለመግዛት ለሚያስቡ የትምህርት ክፍሎች ይጠቅማል ያልሁትን ግምገማ እነሆ አቀርባለሁ።

ዕቃው ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ሲሆን፣ በ24 ክፍልፋዮች የተደረደሩ፣ እያንዳንዳቸው ጡጫ የሚያክሉ ድንጋዮችን ይዟል። ከእነርሱም ጋር ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ የማዕድን ዱቄት ቀለም የሚታይበት ነጭ የሸክላ ሰሌዳ፣ በክር የታሰረ ትንሽ ማግኔት፣ በቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀ የቁፋሮ ኮር (በቁፋሮ ከመሬት የወጣ የአለት ዘንግ) እና በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መምሪያ አብረው ይመጣሉ። አሲድ የለበትም፤ ለጉዞ አደገኛ ስለሆነ መተዉ ተገቢ ነው፤ ገዢው ግን በቤተ ሙከራው የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

እንዲህ ያለውን ሳጥን የምመዝንበት መለኪያ አንድ ነው። ፖርፊሪ መዳብ በአንድ ድንጋይ ውበት ወይም ሀብታምነት የሚታወቅ ክምችት አይደለም። ከአንድ ቶን አለት የሚገኘው መዳብ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 10 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ክምችቱን ለማዕድን ሥራ የሚያበቃው ግዙፍነቱ ሲሆን፣ የአለቱ መጠን በመቶ ሚሊዮኖች፣ በትልልቆቹም በቢሊዮኖች ቶን ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ከላይ እየተገለጠ የሚቆፈረው የዩታው ቢንግሃም፣ የቺሊዎቹ ቹኪካማታ፣ ኤል ቴኒየንቴና ኤስኮንዲዳ፣ የኢንዶኔዥያው ግራስበርግ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። ከዓለም መዳብ ሦስት አራተኛው ገደማ፣ ሞሊብዲነም ከሚባለው ብረታ ብረት ግማሹ ገደማ የሚገኘው ከዚሁ ዓይነት ክምችት ነው። እንዲህ ግዙፍ የሆነውና መዳቡ በየስንጥቁ ተበታትኖ ያለው ክምችት የሚገኘው የማዕድናቱን አደራደር በመከተል ነው፤ ማዕድናቱ በአንድ የጋለ ማዕከል ዙሪያ፣ አንዳንዴ ከማዕከሉ ብዙ ኪሎ ሜትር እስኪርቁ ድረስ፣ በሥርዓት ስለሚለዋወጡ እያንዳንዱ ድንጋይ አቅጣጫ ያመለክታል። የፍለጋ ባለሙያው ድንጋይ ሲያነሣ ራሱን የሚጠይቀው «ይህ ከማዕከሉ በየት በኩል፣ በምን ያህል ርቀት የሚገኝ ነው?» ብሎ ነው። ሳጥኑ ተማሪውን ይህን መጠየቅ ካስለመደው ገንዘቡ በከንቱ አልወጣም።

የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች የአለቱን የራሱን ተፈጥሮ ያሳያሉ፤ ምርጫቸውም እጅግ ጥሩ ነው። ፖርፊሪ የሚባለው ትልልቅ ክሪስታሎች በደቃቅ አለት ውስጥ ተሰግስገው የሚታዩበት አለት ነው። ትልልቆቹ ክሪስታሎች ማግማው (የቀለጠው አለት) ገና በጥልቀት ሳለ ቀስ ብለው ያደጉ ሲሆኑ፣ ደቃቁ ክፍል ግን ማግማው ከመሬት ገጽ ከ1 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ወደሚሆን ጥልቀት ከወጣ በኋላ፣ ግፊቱ ቀንሶ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው ውሃ ሲለየው በፍጥነት የረጋው ነው። ያው የተለየው ውሃ መዳቡን በአብዛኛው ከክሎሪን ጋር አጣምሮ ይዞ፣ በግፊቱ በዙሪያው ያለውን አለት ይሰነጣጥቃል፤ ሲቀዘቅዝም ጭነቱን በስንጥቆቹ ውስጥ ያራግፋል። በሌንስ ሲታይ የትልልቆቹ የፌልድስፓር ክሪስታሎች ጠርዝና የደቃቁ ክፍል ወሰን ጥርት ብሎ ስለሚለይ፣ መምህሩ ይህን ሁሉ በአንዲት ጡጫ በምታክል ድንጋይ ላይ እያመለከተ ማስረዳት ይችላል።

እዚህ ላይ ግን የጎጃም መምህር ከሳጥኑ ውጭ አንድ ነገር መጨመር ይገባዋል። ከደጋችን ባዛልቶች መካከል ነጫጭ የፕላጅዮክሌዝ (አንድ የፌልድስፓር ዓይነት) ክሪስታሎች የተሰገሰጉባቸው አሉ፤ ተማሪ እነዚህን ከሳጥኑ ፖርፊሪ ጎን ሲያይ አንድ ናቸው ብሎ ሊደመድም ይችላል። የአፈጣጠራቸው ገጽታ በእርግጥ ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ማግማው በሁለት ፍጥነት መቀዝቀዙን ይናገራሉ። ዕድሜያቸውም ቢሆን የሚራራቅ አይደለም፦ የጎጃምን ደጋ የሸፈነው ሰፊ ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲፈስ፣ የቹኪካማታ መዳብ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በአንዲስ ተራሮች ሥር እየተፈጠረ ነበር። ልዩነቱ ከማግማው ምንጭና ከውሃው ነው። የእኛ ባዛልት ከምድር ጥልቀት ከመጣ የጋለ ክፍል የቀለጠ፣ ውሃው ጥቂት የሆነና በብዛት ወደ ላይ ፈስሶ ያለቀ ነው፤ የአንዲስ ማግማ ግን የውቅያኖስ ወለል በአህጉሩ ሥር ሲሰጥም ባስገባው ውሃ የተነሣ ውሃ አዘል ሆኖ፣ በመሬት ቅርፊት ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆይቶ የበሰለ ነው። በእኔ ክፍል ከጮቄ ግርጌ የመጣ አንድ ባዛልት ከሳጥኑ አንደኛ ናሙና ጎን ዘወትር ይቀመጣል። መምሪያው እንዲህ ያለ ንጽጽር አንድም ቦታ አለማንሣቱ ለሌላ አገር ገዢ መዘጋጀቱን ያሳያል፤ በኢትዮጵያ ለሚሸጥ ዕቃ ይህ መስተካከል ያለበት ነው።

የሳጥኑ ዋና ሀብት ባለሙያዎቹ «አልተሬሽን» የሚሉትን፣ ማለትም ትኩሱ ውሃ የአለቱን ማዕድናት ወደ ሌላ ማዕድናት የለወጠበትን ሂደት የሚያሳዩት ናሙናዎች ናቸው። ከማዕከሉ የመጡት ሁለቱ የፖታሲክ ቀጣና ድንጋዮች ሮዝማ የፖታሲየም ፌልድስፓርና ደቃቅ ቡናማ ባዮታይት የሞላባቸው፣ በቀጫጭን የኳርትዝ ጅማቶች (በስንጥቅ ውስጥ በረጉ የማዕድን መስመሮች) መረብ የተያዙ ናቸው፤ ማግኔቱ በክሩ ተንጠልጥሎ ሲቀርባቸው ዘንበል ይላል፣ ምክንያቱም ማግኔታይት አለባቸው። የመዳብ ማዕድናቱ ቻልኮፓይራይትና ሐምራዊ የሚያብለጨልጨው ቦርናይት በጅማቶቹ ውስጥና በባዮታይቱ መካከል ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ከዚህ ቀጥሎ የፊሊክ ቀጣና ናሙናዎች አሉ፤ ነጣ ያሉ፣ ሲዳሰሱ እንደ ሐር የሚለሰልሱ፣ የመጀመሪያው አለት ፌልድስፓር ወደ ሰሪሳይት (ደቃቅ ነጭ ሚካ) ተለውጦ መልኩ የጠፋባቸውና መዳብ በሌለበት የብረትና የድኝ ውህድ፣ በፓይራይት፣ የሞሉ ናቸው። ማግኔቱ በእነዚህ ላይ አይንቀሳቀስም፤ ማግኔታይቱ በዚህ ለውጥ ጠፍቷልና። ይህን ልዩነት ተማሪ በራሱ እጅ ሲያገኘው፣ ከአየር ላይ በሚደረግ የመግነጢስ ጥናት የክምችት ማዕከል አንዳንዴ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያው ዝቅ ብሎ የሚታይበትን ምክንያት ለማስረዳት ሌላ ሰዓት አያስፈልግም።

የፕሮፒሊቲክ ቀጣናው ናሙናዎች በክሎራይትና በኤፒዶት የተነሣ አረንጓዴ ናቸው፤ ይህ ቀጣና ከማዕከሉ ርቆ፣ ሰፊ ቦታ ይዞ የሚገኝ በመሆኑ ፈላጊው በመስክ መጀመሪያ የሚረግጠው ብዙ ጊዜ እርሱን ነው። ሳጥኑ ግን ኤፒዶቱ ፏ ብሎ የሚታይበትን ጠንካራ ምሳሌ ብቻ መርጧል። በመስክ የሚገጥመው በብዛት ደብዘዝ ያለ፣ ከተራ የአለት እርጅና ጋር በቀላሉ የሚምታታ አረንጓዴ ስለሆነ፣ ደካማውን ምሳሌ አለማካተቱ ትምህርቱን ከሚገባው በላይ ያቀልለዋል። በከፍታ ላይ እንደ ክዳን የሚቀመጠውን፣ አሉናይትና ባዶ ቀዳዳዎች ያሉት ኳርትዝ የሚበዛበትን የአድቫንስድ አርጂሊክ አለት የሚያሳየው አንድ ናሙና ጥሩ ነው፤ ብዙ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ይህን ፈጽሞ ይዘነጉታል።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታዬ ልምጣ። እነዚህ ሁሉ ድንጋዮች በሳጥኑ ውስጥ የተደረደሩት በማዕድናቸው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። ውጤቱም የማዕከሉ ድንጋይ ከዳር ድንጋይ ጎን፣ የላይኛው ክዳን ደግሞ ከጥልቁ ሥር ጎን መቀመጡ ነው። ፖርፊሪ መዳብን የሚያስተምር ሳጥን ሊያሳይ የሚገባውን ዋና ነገር፣ የቦታን ሥርዓት፣ በአደራደሩ ያፈርሰዋል ማለት ነው። ክምችቱ ከላይ እስከ ታች ቢቆረጥ የሚታየውን የውስጥ ሥዕል በመምሪያው የመጨረሻ ገጽ ላይ አገኘሁት፤ መሆን የነበረበት በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ክፍልፋዮቹም በዚያው ሥዕል መሠረት ተቆርጠው ነው። እኛ ድንጋዮቹን ከሳጥኑ አውጥተን በሰፊ ጠረጴዛ ላይ፣ የፖታሲኩን መካከል አድርገን፣ ፊሊኩን በዙሪያው፣ ፕሮፒሊቲኩን በዳር እንዘረጋለን፤ ከዚያ በኋላ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው።

ይህ ቅሬታ የአቀማመጥ ውበት ጉዳይ እንዳይመስል አንድ እውነተኛ ታሪክ ማንሣት ይበቃል። በአሪዞና የሳን ማኑኤል የመዳብ ክምችት በትልቅ ስብራት የተቆረጠ ነበር። ዴቪድ ሎወል የተባለው ጂኦሎጂስት የአልተሬሽኑን ቀጣናዎች በጥንቃቄ ሲከታተል፣ ክምችቱ ከመቆረጡም በላይ ወደ ጎን መጋደሙን ተረዳ፤ በሳን ማኑኤል የሚታዩት ቀጣናዎች የክቡ ግማሽ ብቻ ነበሩና ቀሪው ግማሽ በስብራቱ ማዶ፣ ከመሬት በታች መኖር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚህ ግምት ላይ ተመሥርቶ የተደረገው ቁፋሮ ካላማዙ የተባለውን ክምችት አስገኘ። ሎወል እ.ኤ.አ. በ1970 ከጆን ጊልበርት ጋር ያወጣው የቀጣናዎች አደራደር ሞዴል ከዚያ በኋላ ለዓለም የፖርፊሪ ፈላጊዎች ሁሉ መነሻ ሆኗል። የተገኘው ክምችት ትልቅ ሲሆን ወደ እርሱ ያደረሰው ምልክት ግን የባዮታይት፣ የሰሪሳይትና የክሎራይት ተራ ነበር፤ ሳጥናችን በፊደል ተራ የበተነው ይህንኑ ነው።

ስለ መለያዎቹም ተመሳሳይ ነገር መናገር አለብኝ። እያንዳንዱ መለያ የማዕድኑን ስምና የመጣበትን አገር ብቻ ይጠቅሳል፤ ከየትኛው ክምችት፣ ከየትኛው ቀጣና፣ ከገጽ ወይስ ከምን ያህል ጥልቀት እንደተወሰደ አይገልጽም። ለሥነ ምድር ሰው ቦታው ያልታወቀ ናሙና ግማሽ ዋጋውን ያጣ ነው።

በአንጻሩ በአንድ ናሙና ምክንያት ብቻ ሳጥኑን ደግሜ ለመግዛት ዝግጁ ነኝ። ይህም በመጋዝ ተቆርጦ አንድ ገጹ የተወለወለው ባለ ብዙ ጅማት ድንጋይ ነው። በእርሱ ላይ ሦስት ትውልድ ጅማቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ የሚጥመለመል የኳርትዝ ጅማት ሲሆን፣ አለቱ ገና ትኩስና ለስላሳ ሳለ እንደተፈጠረ ቅርጹ ይመሰክራል። እርሱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠው ሁለተኛው ጅማት በመካከሉ የሞሊብዲናይት (የሞሊብዲነም ማዕድን) ግራጫ መስመር አለው፤ ቀጥ ማለቱ አለቱ ቀዝቅዞ በንጽሕና መሰንጠቅ ከጀመረ በኋላ መምጣቱን ያመለክታል። ሁለቱንም የሚቆርጠው ሦስተኛው ደግሞ በፓይራይት የተሞላ ሆኖ በግራና በቀኙ ነጭ የሰሪሳይት ጥላ ጥሏል። በሙያው ኤ፣ ቢ እና ዲ የሚባሉት የጅማት ዓይነቶች እነዚህ ናቸው፤ ስያሜያቸውም በቺሊው የኤል ሳልቫዶር ክምችት ላይ ከተደረገ ጥናት የመጣ ነው። ቆራጩ ከተቆረጠው በኋላ መምጣቱን ተማሪ በዓባይ ሸለቆ ባሉ ስብራቶችና ዳይኮች (ማግማ ሌላ አለት ሰንጥቆ ገብቶ በረጋባቸው ግድግዳዎች) ላይ ቀድሞ ስለሚማረው፣ ያንኑ ሕግ እዚህ በጣት ስፋት ላይ ሲያገኘው በደስታ ይሠራበታል። ከዚህ ድንጋይ በመነሣት ብቻ የአንድን የመዳብ ክምችት የሙቀት ታሪክ፣ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነው ጅማሬው እስከ ቀዘቀዘው ፍጻሜው፣ በቅደም ተከተል ማጻፍ ይቻላል። የሦስተኛው ጅማት ጥላ የፖታሲኩን ሮዝማ ቀለም በልቶ ሲያልፍም ስለሚታይ፣ ቀጣናዎቹ በሥዕል እንደሚሳሉት ጎን ለጎን የተቀመጡ ብቻ ሳይሆኑ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ መሆኑን መምህሩ ያለ ብዙ ንግግር ያሳያል።

የአየር ጠባይ የለወጣቸው ናሙናዎች ረድፍ ደምቆ ይታያል፤ ድምቀቱ ግን ሚዛኑን አሳጥቶታል። ማላካይት፣ አዙራይት፣ ክራይሶኮላ፣ ኩፕራይት፣ ተፈጥሯዊ መዳብ ሁሉም አሉ፤ ማላካይቱም ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ሻጩ ዓይን የሚስበውን መምረጡ ይገባኛል። ሆኖም እነዚህ ቀለማት እንዴት እንደመጡ የሚያስረዳው ሰንሰለት ተቋርጧል። ፓይራይት ከአየርና ከዝናብ ውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ከላይኛው አለት መዳቡን አሟሙቶ ወደ ታች ያወርደዋል፤ መዳቡም ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል ሲደርስ በቻልኮፓይራይትና በፓይራይት ላይ ቻልኮሳይት ሆኖ ይረጋል። ቻልኮፓይራይት 35 በመቶ ገደማ መዳብ ሲይዝ ቻልኮሳይት 80 በመቶ ገደማ ስለሚይዝ፣ ይህ የበለጸገ ንብርብር ለብዙ የቺሊ ማዕድን ማውጫዎች የመጀመሪያ ዓመታት ትርፍ ምንጭ ሆኗል። በላይ የሚቀረው ታጥቦ መዳቡን ያጣ፣ በጎታይት፣ በሄማታይትና በጃሮሳይት ቀይና ቢጫ የሆነ ባዶ ክዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተገኘው ኤስኮንዲዳ እንዲህ ባለ ክዳን ሥር የነበረ ክምችት ነው። በሳጥኑ ውስጥ ቻልኮሳይት አለ፤ የታጠበው ክዳን ግን የለም! ፈላጊው በመስክ ቆሞ የሚያየው ክዳኑን ሆኖ ሳለ፣ ከአምስት የሚያማምሩ የመዳብ ማዕድናት አንዱ ቀርቶ በምትኩ ይህ ቀይ ድንጋይ ቢገባ ሳጥኑ እጅግ በተሻለ ነበር። በተለይ በጎጃም፣ ቀይ አፈር ሁሉ ከባዛልት ብረት በሚገኝበት ምድር ለሚማር ልጅ፣ የሰልፋይድ (እንደ ፓይራይት ያለ የድኝ ውህድ) እርጅና የፈጠረውን ቀይና የባዛልት እርጅና የፈጠረውን ቀይ ጎን ለጎን ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

የአረንጓዴውም ነገር እንዲሁ ነው። ከገጠር ወረዳዎች «መዳብ ነው ወይ?» እየተባለ አረንጓዴ ድንጋይ ወደ ትምህርት ክፍላችን የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ባለቤቶቹም በቅን ልብ ስለሚጠይቁ መልሱን በአክብሮትና በማስረጃ መስጠት ይገባል። በባዛልት ቀዳዳዎች ውስጥ የሚፈጠረው ሴላዶናይት የሚባለው ማዕድን አረንጓዴ ነው፤ መዳብ ግን የለውም። የሳጥኑ ማላካይት እዚህ ላይ በሚገባ ያገለግላል፦ የቀጠነ አሲድ ጠብ ሲልበት ይፈላል፣ ፈሳሹም አረንጓዴ ይሆናል፤ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ንጹሕ የብረት ሚስማር ሲነከር ቀይ የመዳብ ልባስ ይለብሳል። ሴላዶናይት ይህን አያደርግም። ሙከራው ማንኛውም ሰው ቆሞ ሊያየውና ሊያምነው የሚችል ስለሆነ በመምሪያው ውስጥ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባ ነበር፤ የተሰጠው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

የፍለጋው ክፍል ከሁሉ ደካማው ነው። መምሪያው ከሳተላይት ምስል እስከ ቁፋሮ ያለውን ሥራ በሁለት ገጽ ጠቅልሎ አልፎታል። ስለ ሳተላይት ምስል ሲናገር፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በቴራ ሳተላይት የመጠቀው አስተር የተባለው መሣሪያ ሰሪሳይትንና ሸክላ ማዕድናትን ከክሎራይትና ከኤፒዶት በማይታየው ብርሃን ለይቶ ያሳይ እንደነበር ይጠቅሳል፤ መልካም ነው። ስለ ወንዝ ደለል ናሙና፣ ማለትም ከየጅረቱ ደቃቅ ደለል ወስዶ መዳቡንና ሞሊብዲነሙን ወደ ላይ በመከታተል ስለሚደረገው ፍለጋ ግን በቂ አይልም፤ ርካሽና ለአገራችን ባለሙያ ቅርብ የሆነው ዘዴ ይህ ሆኖ ሳለ። ስለ ኢንዲዩስድ ፖላራይዜሽን የተጻፈውም ዋናውን ማስጠንቀቂያ ዘንግቷል። ይህ ዘዴ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ልኮ ሰልፋይዶች ክፍያውን ምን ያህል እንደሚይዙ ይለካል፤ በፖርፊሪ ክምችት ግን ሰልፋይድ ከሁሉ የሚበዛው ከመዳቡ ማዕከል ውጭ ባለው የፓይራይት ቀለበት ነው። ምልክቱ ከሁሉ በበረታበት ቦታ የሚቆፍር ሰው ብዙ ፓይራይት፣ ጥቂት መዳብ ሊያወጣ ይችላል። በሳጥኑ ያሉት የፊሊክና የፖታሲክ ናሙናዎች ይህን ለማስረዳት ከበቂ በላይ ናቸው፤ ጽሑፉ ግን ወደ እነርሱ አይመራም።

የቁፋሮው ኮር ራሱ ጥሩ ዕቃ ነው። ስፋቱ በሙያው ኤችኪው የሚባለው፣ ዲያሜትሩ 63.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ዓይነት ሲሆን፣ በአልማዝ መጋዝ በቁመቱ ተሰንጥቋል። በማዕድን ፍለጋ ግማሹ ኮር ለላቦራቶሪ ተልኮ ሌላው ግማሽ በሣጥን ተጠብቆ የሚቀመጥበትን ልማድ ተማሪው በዓይኑ ያየዋል። አብሮት የመጣው የመመዝገቢያ ቅጽ ግን የአለት ስም፣ የአልተሬሽን ዓይነትና የሰልፋይድ መቶኛ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የጅማት ብዛት በአንድ ሜትር፣ የጅማት ዓይነት፣ የማግኔት ምላሽ፣ የቻልኮፓይራይትና የፓይራይት ንጽጽር ዓምዶች ስለሌሉት እኛ ቅጹን አሻሽለን አባዝተናል። ከዚህ ወዲያ አንድ ግማሽ ኮር ለአንድ ክፍል ተማሪ አይበቃም፤ ሦስት አጫጭር ቁራጮች፣ ከሦስት ቀጣናዎች የተወሰዱ፣ ቢሆኑ ዋጋው ብዙ ሳይጨምር ጥቅሙ በእጅጉ በሰፋ።

ሌላው የምመኘው ጭማሪ ከፖርፊሪ ጋር የሚነጻጸር አንድ የግዙፍ ሰልፋይድ ናሙና ነው። ቀድሞ የጎጃም አካል ከነበረው ከመተከል ጀምሮ ወደ ምዕራብ የሚገለጡት ጥንታዊ አለቶች የዐረብ ኑቢያ ጋሻ፣ ማለትም በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የተዘረጋው ጥንታዊ የምድር ቅርፊት፣ አካል ናቸው። በዚህ ጋሻ ላይ፣ ለምሳሌ በኤርትራው ቢሻ፣ የሚታወቀው መዳብ በባሕር ወለል እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ግዙፍ ሰልፋይድ ነው። ፖርፊሪዎች በጥልቀት ብዙ ስለማይርቁ ተራሮቻቸው ሲሸረሸሩ አብረው ይጠፋሉ፤ ስለዚህም በጣም ጥንታዊ በሆኑ ምድሮች ላይ ብርቅ ናቸው። ወደ መተከል ለመስክ ትምህርት የሚወጣ ተማሪ ሁለቱን ዓይነት መለየት የግድ ይለዋል።

ስለ አያያዝ ጥቂት ልጨምር። ሳጥኑ ከባድ ነው፤ ድንጋዮቹ በስፖንጅ በሚገባ ስለታቀፉ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር በተደረገው ጉዞ፣ የዓባይን ጠመዝማዛ ጨምሮ፣ አንድም አልተሰበረም። በክረምት እርጥበት የፓይራይት ናሙናዎች ነጭ ዱቄት ማውጣት ይጀምራሉ፤ ዱቄቱ አሲድ አዘል ስለሆነ መለያውን ያበላሻል። ስለዚህ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ከረጢት በሳጥኑ መጨመርና ፓይራይቶቹን በተዘጋ ፕላስቲክ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የአማርኛው መምሪያ ንባብ ጥሩ፣ ሥዕሎቹም ግልጽ ናቸው። ዋጋው ለአንድ መምህር ኪስ ከባድ ነው፤ ለአንድ ትምህርት ክፍል ግን ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ በመሆኑ የሚቻል ነው።

በጎጃም ያሉ የሥነ ምድር ክፍሎች ሳጥኑን እንዲገዙ እመክራለሁ፤ ባለ ጅማቱ ድንጋይ፣ የፖታሲክና የፊሊክ ጥንድ ናሙናዎች እና ኮሩ በእኛ ምድር በሌላ መንገድ የማይገኙ ስለሆኑ። ሲያዙ ግን አቅራቢው እያንዳንዱ ናሙና የተወሰደበትን ክምችትና ቀጣና በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ከማላካይቱም በትንሹ ተቀንሶ የታጠበ ክዳን ናሙና እንዲተካ ይጠይቁ። የቻልኮፓይራይትና የፓይራይት ትርፍ ቁራጮችም ቢታዘዙ መልካም ነው፤ ተማሪዎች ሁለቱን የሚለዩት በቢላ ጫፍ በመቧጨር ነውና፣ ቻልኮፓይራይቱ ለስላሳ ስለሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው።